ስለ ውርስ፣ ስለ ወራሽነት ማስረጃና ስለ ፍርድ ቤቱ ተግባር

(በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበራችን ኮሚቴ የቀረበ ንግግር፤ በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ እንዲወጣ የተደረገ)



በዛሬው ስብሰባችን ስለ ውኃው ቦይና ስለ ሌሊት ጥበቃው ከተነጋገርን በኋላ ጥቂት ጊዜ ወስደን ስለ ውርስ ጉዳይ እንድንናገር ኮሚቴው ወስኗል። አንዳንዶቻችሁ «በደኅና ቀን የሞት ነገር ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚያው ስንል ነው የኖርነው። ነገር ግን ያለፈው ዓመት ነገር ካስተማረን ወዲህ ዝም ማለቱ ጥፋት መሆኑን ተረድተናል። አስቀድመን አንድ ነገር እናሳስብ፤ እኛ ጠበቃም ዳኛም አይደለንም። ሕጉን አንብበን፣ የሚያውቁትን ጠይቀን፣ በራሳችንም ላይ ከደረሰው ተምረን ነው የምንናገረው።

የደረሰው ነገር ምን ነበር?

ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ጎረቤታችን አረፈ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሁላችንም አልቅሰን ቀበርነው። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ ቀሩ። ከወራት በኋላ ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ከመካከላችን ምስክሮች ሆነን የቀረብን አለን። «ሟች ከእነዚህ ከሦስቱ በቀር ሌላ ልጅ አለው ወይ?» ተብለን ተጠየቅን። «የለውም» አልን። ማስረጃው ወጣ። ለቤቱም ገዢ ተፈለገና ቀብድ ተበላ።

ዓመት ሳይሞላ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከአጎቷ ጋር ከገጠር መጣች። ሟች በሕይወት ሳለ «ልጄ ናት» ብሎ በጽሑፍ ያመነበትን ወረቀት ይዛለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛ መካከል ነገሩን የሚያውቅ ነበረ። ሟቹ ለልጅቷ ገንዘብ ይልክ እንደ ነበር፣ መስቀል ሲደርስ ልብስ ይገዛላት እንደ ነበር የምናውቅ ነበርን። ታዲያ ለምን ዝም አልን? የሟችን ስም ላለማጉደፍ፣ ባለቤቱንም ላለማስከፋት ብለን ነው። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

ውጤቱስ? የወጣው ማስረጃ በፍርድ ቤት ተሰረዘ። ሽያጩ ፈረሰ፤ ገዢውም ሕጉ እንደሚፈቅድለት ቀብዱን በእጥፍ መልሱልኝ ብሎ ከሰሰ። ሦስቱ ልጆች «ማን ቀብዱን አጠፋው» በሚል ተጣልተው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ባለቤቱም፣ እማማ፣ ለኮሚቴው ሰዎች እንዲህ አሉን፦ «ብትነግሩኝ ኖሮ አንድ ጊዜ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን ሁለት ጊዜ አስለቀሳችሁኝ።» ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። የዛሬውም ንግግር ምክንያቱ ይኸው ነው።

ውርስን የሚመለከተው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን እንደሚነግሩን፣ በአሜሪካን አገር በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር ለውርስ ጉዳይ ብቻ የቆመ ፍርድ ቤት አለ። በአገራችን ግን ለውርስ ብቻ ተብሎ የተቋቋመ ፍርድ ቤት የለም። የውርስ ጉዳይ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በአዲስ አበባ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ወራሾች በንብረቱ ላይ ሲካሰሱ ግን ክርክሩ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይታያል። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ሁሉም ተከራካሪ ወገኖች ከተስማሙ ጉዳያቸውን በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት በፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስወሰን ይችላሉ። ስምምነት ከሌለ ማንም ሊያስገድዳቸው አይችልም።

አንዳንድ አረጋውያን ወላጆቻችን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደው «የውርስ ወረቀት ስጡኝ» ይላሉ። ይህ የመጣው ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌ የራሱ የፍርድ ሸንጎ ከነበረበት ዘመን ነው። አሁን ወረዳው የሚሰጠው የሞት የምስክር ወረቀትን የመሰለውን የምዝገባ ማስረጃ እንጂ ወራሽነትን አይደለም። ወራሽ ማን እንደ ሆነ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

የትኛው አካባቢ ያለ ፍርድ ቤት? ሕጉ እንደሚለው ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ሰውየው ለሕክምና ሄዶ ሌላ ከተማ ቢሞት እንኳ መኖሪያው እዚህ ከነበረ ጉዳዩ እዚሁ ነው።

የፍርድ ቤቱ ተግባር ምንድን ነው?

የውርስ ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. በወጣው በፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ሕግ መሠረት የፍርድ ቤቱን ሥራ በአምስት ከፍለን እንመልከት።

1ኛ/ ወራሹን ማወቅና ማስረጃ መስጠት። ማንኛውም ወራሽ የሟቹ ወራሽ መሆኑንና ከውርሱ የሚደርሰውን ድርሻ የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠው ፍርድ ቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። አመልካቹ የሟቹን የሞት ማስረጃ፣ የልደት ማስረጃና ምስክሮችን ያቀርባል። ፍርድ ቤቱም ብዙ ጊዜ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ያዝዛል፤ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚለውን ማለት ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዳኛው ሟቹን አያውቀውም። ቤቱን አልገባም፣ ቡናውን አልጠጣም። የሚያውቀው በወረቀቱና በእኛ ቃል ነው። እኛ ከዋሸን ዳኛውም በውሸት ላይ ይወስናል።

2ኛ/ ስሕተት ሲገኝ ማረም። የወራሽነት ማስረጃ ያገኘ ሰው ወራሽ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ነገር ግን ይህ የማይነቃነቅ ነገር አይደለም። ያለ አግባብ የወጣ ከሆነ ሌላው ባለመብት እንዲሰረዝ ሊጠይቅ ይችላል። የውርስ ጥያቄ ግን ጊዜ አለው፤ ባለመብቱ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ባያውቅም እንኳ ሟቹ ከሞተ ወይም መብቱን ሊሠራበት ከሚችልበት ቀን አንሥቶ 15 ዓመት ካለፈ፣ የዘር ርስት ካልሆነ በቀር፣ ጥያቄው አይሰማም። «ዘመድ ነን፣ ምን ያስቸኩላል» እያልን የምንቆይ ሰዎች ይህን እናስታውስ።

3ኛ/ ኑዛዜ በሕጉ መሠረት መሠራቱን መመርመር። ስለዚህ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

4ኛ/ ውርስ አጣሪ መሾም። ወራሾች በሕጉ ራሳቸው አጣሪዎች ናቸው። ካልተስማሙ ወይም ጉዳዩ የተወሳሰበ ከሆነ ፍርድ ቤት አጣሪ ይሾማል። የአጣሪው ሥራ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን መፈለግ፣ ንብረቱን መዝግቦ መጠበቅ፣ ዕዳ መክፈልና ስጦታውን ለተሰጠው ሰው ማድረስ ነው። ክፍያውም ተራ አለው፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟቹ ዕዳ፣ ከዚያም ቀለብ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ ይከፈላል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚባለው ተረት ብዙ ሰው ያስፈራል። መሠረቱ ግን ዕዳው የሚከፈለው ከውርሱ ሀብት ላይ መሆኑ ነው። ለዚህም ነው ሳያጣሩ ዕቃ መከፋፈል አደገኛ የሚሆነው። ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ባለዕዳ ሲመጣ ማን ምን እንደ ወሰደ የሚያውቅ ይጠፋል።

5ኛ/ አካለ መጠን ያልደረሱትን መጠበቅ። ከወላጆች አንዱ ሲሞት የቀረው ወላጅ በሕግ ሞግዚት ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ ፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾማል። የልጁ ድርሻ ያለበትን ቤት ሞግዚቱ እንደ ፈለገ ሊሸጠው አይችልም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ገዢ የሆናችሁም ሰዎች ይህን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

የሚወርሰው ማን ነው?

ኑዛዜ ከሌለ አስቀድመው የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ወንድ ልጅ ከሴት ልጅ አይበልጥም። በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ አይለያይም። የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ልጅ ይቈጠራል። ከልጆቹ አንዱ ከአባቱ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ የእርሱ ልጆች በእርሱ ተተክተው ድርሻውን ይወስዳሉ። ሟቹ ሲሞት በማኅፀን የነበረም ልጅ፣ በሕይወት ከተወለደና መኖር የሚችል ከሆነ፣ መብት አለው። ልጅ ከሌለ ወላጆች ይወርሳሉ፤ ወላጅ ከሞተም የእርሱ ተወላጆች፣ ማለት የሟቹ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይተካሉ።

ባል ወይም ሚስትስ? ይህ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። በሕጋችን ባል ወይም ሚስት በኑዛዜ ካልተሰጣቸው በቀር ወራሽ አይደሉም። ይህ ማለት ግን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ በሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ ጋብቻው በሞት ሲፈርስ ግማሹ አስቀድሞ የቀሪው ነው። ውርስ የሚባለው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው።

በምሳሌ እናስረዳ። ከላይ በተናገርነው ነገር ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ነበር። ግማሹ የእማማ ነው። የቀረው ግማሽ ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ስድስተኛ ያገኝ ነበር። አራተኛዋ ልጅ ስትጨመር እያንዳንዱ አንድ ስምንተኛ ያገኛል። እንግዲህ በአንድ ስድስተኛና በአንድ ስምንተኛ መካከል ያለችውን ልዩነት ለማትረፍ ተብሎ ቤተሰብ ፈረሰ ማለት ነው። ያውም ልጆቹ አላወቁም ነበር። የምናውቀው እኛ ነበርን።

ሁለት ነገሮች እንጨምር። የጡረታ አበል የውርስ አካል አይደለም፤ ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት የውርሱ ክርክር እስኪያልቅ ሳትጠብቅ የጡረታውን ጉዳይ ልትከታተል ትችላለች። ደግሞም የቀበሌ ቤት የሟቹ ንብረት ስላልሆነ እንደ ውርስ የሚከፋፈል አይደለም። በቀበሌ ቤት ምክንያት ወንድማማች ሲካሰስ አይተናል፤ ያሳዝናል።

ስለ ኑዛዜ

ብዙ ሰው ኑዛዜ ሲባል በአልጋ ላይ ሆኖ የሚነገር ቃል ይመስለዋል። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ በሕጉ አለ፤ ሞት ቀርቦ ሲታይ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ነው። ነገር ግን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትናንሽ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ካልሆነ በቀር ሌላ ሊወሰንበት አይቻልም። ሰውየው ከተረፈም ከ3 ወር በኋላ ይፈርሳል። ስለዚህ «አባባ ሊሞት ሲል ቤቱን ለእኔ ብሏል» ማለት ብቻውን አያዋጣም።

የጽሑፍ ኑዛዜ ሁለት ዓይነት ነው።

ሀ/ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው በትንሽ ነገር ነው። «በፊታችን ተነበበ» የሚለው ቃል ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይም አንዱ ምስክር «ነገ እፈርማለሁ» ብሎ ይሄዳል።

ለ/ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ተናዛዡ ራሱ ሙሉውን በእጁ ይጽፈዋል፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያመለክታል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያደርጋል። ይህ ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። ከፍራሽ ሥር ተቀምጦ የቆየ ወረቀት ከዚህ የተነሣ ዋጋ ያጣል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው መናዘዝ አይችሉም። ፍቅር ነው ብላችሁ አንድ ላይ ብትጽፉት ፈራሽ ነው፤ ለየብቻ ጻፉ። ደግሞም «ይህን ልጄን ነቅያለሁ» ያለ ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው መግለጽ አለበት፤ ምክንያቱም የሚበቃ መሆን አለበት። በብስጭት ቀን የተጻፈ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ ወራሾችን ለክርክር እንጂ ለሌላ አይጠቅምም። ወራሾችንና ስጦታ የሚቀበሉትንም ምስክር አታድርጓቸው።

የእኛ የጎረቤቶች ኃላፊነት

እስከ አሁን ስለ ፍርድ ቤቱ ኃላፊነት ተናገርን። አሁን ስለ ራሳችን እንናገር። ፍርድ ቤት ብቻውን ምንም አይሠራም። በመካከላችን ለቀብር የሚሰበሰብ ሕዝብ ለእውነትም መሰብሰብ አለበት።

ምስክር ሆነን ስንጠራ «ሌላ ልጅ የለውም» ብለን ደፍረን አንናገር። የምናውቀውን እንናገር፤ የማናውቀውን «አላውቅም» እንበል። «አላውቅም» ማለት ነውር አይደለም። እያወቁ መደበቅ ግን ነውርም ወንጀልም ነው፤ በሐሰት መመስከር በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ደግሞም ሊመሰክር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ይነጋገር። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው፣ በአደባባይ ሳይሆን በጓዳ፣ በሽማግሌ፣ ለባለቤቱና ለልጆቹ ይንገራቸው። ነገሩ መራራ ነው፤ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የልጁም ጥፋት የለበትም። ማንም ሰው አባቱን መርጦ አልተወለደም።

ሌላው የዕድራችን መዝገብ ነው። ሟቹ መቼ እንደ ሞተ፣ የት እንደ ተቀበረ፣ ቤተሰቡ ማን ማን እንደ ሆነ በዕድሩ መዝገብ በትክክል ይጻፍ። ለዓመታት በግምት ስንጽፍ ኖረናል፤ ዛሬ ግን ይህ መዝገብ ሰው የሚፈልገው ማስረጃ ሆኗል።

ምን እናድርግ?

ሞት የደረሰበት ቤተሰብ በቅደም ተከተል ይህን ቢያደርግ ይጠቅመዋል፦

1/ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው አስመዝግቦ የምስክር ወረቀቱን መያዝ። ኀዘን ላይ ላለው ቤተሰብ ከዕድሩ አንድ ሰው አብሮ ቢሄድለት መልካም ነው።

2/ የቤቱን ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን ሁሉም በሚያውቁት ስፍራ ማስቀመጥ።

3/ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን መጠየቅና፣ ከተገኘም ሳይሸሽጉ ማቅረብ።

4/ ልጆቹን ሁሉ መቍጠር። በውጭ አገር ያሉት በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና መላክ ይችላሉ፤ ስለ ራቁ ከቍጥር አይወጡም።

5/ የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ፣ ዕዳም ሳይጣራ ቀብድ አለመብላት፣ ዕቃም አለመከፋፈል። ለተዝካር ተብሎ ብድር ውስጥ አለመግባት፤ ሟቹን የምናከብረው ልጆቹን ዕዳ ውስጥ ከትተን አይደለም።

6/ ካልተስማሙ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሽማግሌ መያዝ። ወራሾች በስምምነት መካፈልን ሕጉ ይፈቅዳል። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለበት ግን ሽማግሌ ብቻ አይበቃም።

በሕይወት ያለን ደግሞ ዛሬውኑ የምናደርገው አለ። ልጅ ያለው ሰው ልጁን ያስመዝግብ፤ ሊናገር ያፈረውን ቢያንስ በጽሑፍ ያኑር። ጎረቤታችን ያቺን አንዲት ወረቀት ባይጽፍ ኖሮ ልጅቷ ዛሬ አባት አልነበራትም። የበጎነቱ ምስክር እኛ አልነበርንም፤ ያቺ ወረቀት ነበረች።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣

ኮሚቴያችን የደረሰውን ነገር ለማካካስ ያደረገውን አስታውቀን እንጨርስ። ሽማግሌዎች መርጠን ሁለቱን ወገኖች አቀራርበናል። እማማና ልጅቷ ባለፈው ፋሲካ በአንድ ገበታ ተቀምጠዋል። ሦስቱ ልጆች ገና አልታረቁም፤ ተስፋ ግን አልቈረጥንም። ምስክር ሆነን የቀረብነውም ሰዎች እማማን በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቀናል። ይህን የምንናገረው እንዲመሰገንልን ሳይሆን ሌላው እንዳይደግመው ነው።

ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ጠዋት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሁለት የኮሚቴው ሰዎች ይቀመጣሉ። ወረቀት ማንበብ ያስቸገራችሁ፣ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ምን እንደሚያስፈልግ መጠየቅ የምትፈልጉ ኑ። ገንዘብ አይከፈልም። ከአቅማችን በላይ የሆነውን ወደ ጠበቃ እንመራለን።



የማኅበሩ ኮሚቴ